በጫማ የተሰፈረ ጥላ

ካሣነሽ የሞተችው ሐረገ ወይን ጥላዋን ስትሰፍር ጫማዋን ስላላወለቀች ነው። ይህን ሐረገ ወይን ለማንም አልተናገረችም። የመካነ ኢየሱስ ከተማ ሰው የሚያወራው ሌላ ነው፤ ሹፌሩ ይርጋ ጠጅ ቤት ቆይቶ፣ አምሽቶ ተነሥቶ፣ የገዛ እኅቱን ልጅ ከመኪና ላይ ጥሎ ገደላት ይላል። ይርጋ ታስሯል። ነገ አራት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ምስክሮቹ ሐረገ ወይንና ስንዱ ናቸው።

ስንዱ የክፍሉን በር መለስ አድርጋ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆማለች። ሌላው ተማሪ ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል።

«በይ አሁን አንች ተናገሪ» አለች። «ዳኛው እኔ ነኝ እንበል። ስንት ሰዓት ላይ ከበሩ ደረሳችሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንዲህ አይደለማ! ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ቀና ብለሽ ተናገሪ። ሹፌሩስ የት ነበር?»

ሐረገ ወይን ከኋላዋ አንድ ሰው ወንበሩን የሳበ መሰላትና ዞረች። ማንም የለም። በመስኮቱ በኩል ያለው የካሣነሽ ቦታ አርባዋ ካለፈ በኋላም ባዶ ነው። መምህሩ አንዴ ሌላ ልጅ እዚያ እንድትቀመጥ አዝዘው ነበር፤ ልጅቱ ደብተሯን አቅፋ ቆማ ዋለች እንጂ አልተቀመጠችም።

«ምን ታያለሽ?» አለች ስንዱ።

«ምንም።»

«እንግዲያ መልሽልኝ። ሹፌሩ የት ነበር?»

«ደከመኝ፣ ስንዱ። ነገ ጧት ቤታችሁ እመጣለሁ።»

ስንዱ ጠመኔውን ወረወረችና ደብተሯን አነሣች። ሐረገ ወይን ግን ወዲያው አልተነሣችም። የዚያን ቀን ዕቅድ ያወጡት እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአስመራ የመጣ አንድ አርመን ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ድንኳኖች ተከለ። መጫወቻውን «ዓለም በአንድ ሜዳ» ብሎ ሰየመው። እያንዳንዱ ድንኳን አንድ አገር ነው፤ ግብፅ አለ፣ ህንድ አለ፣ ቬኒስ አለ፣ ጃፓን አለ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከስምንተኛ ክፍል ሴቶች መካከል ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ሄደው እንዲያዩ ፈቀዱ። የመግቢያ ወረቀትና አንዳንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ሸለሟቸው። የሚወስዳቸው ገብስ ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር የሚመላለሰው ይርጋ ነበር። ይርጋ የካሣነሽ አጎት፣ የእናቷ የእትዬ ብርነሽ ታናሽ ወንድም ስለሆነ ወላጆቻቸው እሺ አሉ። እትዬ ብርነሽ ግን በዚያው ቀን ይመለሱ ብላ አስጠንቅቃዋለች።

ይርጋ የተሰበረውን የመኪናውን የፊት መብራት እየጠቆመ ተናገራቸው።

«እንደምታዩአት አንድ ዓይና ናት። ዘጠኝ ሰዓት ከተነሣን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንገባለን። ከዘገየን ይጨልምብናል። ዘጠኝ ሰዓት ከሜዳው በር ላይ! ሰምታችኋል?»

ሰምተዋል። ሐረገ ወይን ጠመኔ አነሣችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሜዳው የሚከፈተው አራት ሰዓት ነው። እስከ ዘጠኝ አምስት ሰዓት አለ።

«ለግብፅ አንድ ሰዓት» አለች።

«አንድ ሰዓት!» ካሣነሽ ዴስኩ ላይ ወጥታ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች። «እስራኤል አራት መቶ ዓመት የቆዩበትን አገር አንች በአንድ ሰዓት ልታስወጭን ነው?»

«የተገነዘ ሬሳ ነው ያለው። ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር አልተጻፈም።»

«ለሬሳማ ሩብ ሰዓት ይበቃል» አለች ስንዱ። «እኔ ቬኒስ ነው የምፈልገው። በአየር ላይ የሚወዛወዝ ጀልባ አለ አሉ። ለቬኒስ ሁለት ሰዓት ጻፊ።»

«ሁለት ሰዓት ተወዛውዘሽ ታስመልሻለሽ።»

«ላስመልሳ! የራሴ ሆድ አይደል?»

የካሣነሽ ልብ ያለው ጃፓን ላይ ነበር። ወረቀቱ «የመስተዋት ቤት፤ ገብተው ራስዎን ሃያ ሆነው ያግኙ» ይላል። እነካሣነሽ ቤት መስተዋት የለም፤ ፀጉሯ መጣመሙን የሚነግራት የእናቷ ቁጣ ብቻ ነው።

«ሃያ ካሣነሽ! እናቴ አንዷን እንኳ አልቻለችኝም» አለች። «ጃፓን ሁለት ጊዜ እንግባ። አንዴ እንደደረስን፣ አንዴ ደግሞ ልንወጣ ስንል።»

«ሁለት ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ሰዓቱ አይበቃንም።»

«ከግብፅ ቀንሽላት። ሙት አይቀየምም» አለች ስንዱ።

ሦስቱም ሳቁ። ሲጨቃጨቁ፣ ሲደመስሱ፣ እንደገና ሲጽፉ ቆዩ። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ የቀረው ይህ ነው፤ ለግብፅ ግማሽ ሰዓት፣ ለህንድ አንድ፣ ለቬኒስ አንድ ተኩል፣ ለጃፓን ግማሽ፣ ለምሳ ግማሽ። ስምንት ሰዓት ይሆናል። ከስምንት ጀምሮ ጃፓን እንደገና፤ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደ በሩ መሄድ።

«ሁሉም ጥሩ» አለች ስንዱ። «ሰዓት ያለው ግን ማነው?»

ማንም የለውም። ይርጋ የእጅ ሰዓት አለው፤ እሱ ደግሞ ከተማው ውስጥ ገብስ ሲያራግፍ ነው የሚውለው።

«እኔ እሰፍራለሁ» አለች ሐረገ ወይን።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በጾም ወቅት ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በእግራቸው ሰፍረው ነው። ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማሉ። የጥላቸው ራስ የወደቀበት ቦታ ላይ ተማሪ ምልክት ያደርጋል። ከቆሙበት ተነሥተው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያጋጠሙ፣ እስከ ምልክቱ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ በየወሩ ይለያያል። ሐረገ ወይን የጥርን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጥላዋ ስድስት እግር ሲሞላ ስምንት ሰዓት ነው፣ ዘጠኝ እግር ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት።

«ደብተራ አስከትለን ልንሄድ ነው በይኛ!» አለች ካሣነሽ። እንዲህ እያለች የሰሌዳውን ዕቅድ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ከሦስቱ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያላት እሷ ናት።

ደብረ ታቦር ላይ መጀመሪያ ሁሉም ነገር እንደ ዕቅዱ ሄደ። ግብፅ ድንኳን ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለው ሬሳ አነጠሰና ስንዱ ጮኻ ወጣች። ህንድ ውስጥ አንድ ራቁቱን የሆነ ሰው ሚስማር ላይ ተኝቶ ሙዝ ይበላል። ቬኒስ ላይ ስንዱ እንደተባለችው አስመለሰች፤ አፏን ጠርጋ እንደገና ወጣች። የመጀመሪያው ጃፓን ግን ከሁሉም በለጠ። የወረቀት ፋኖስ ተንጠልጥሏል፤ ዙሪያው መስተዋት ነው። ካሣነሽ መካከል ላይ ቆማ ዝም አለች። ዝም ስትል ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። እጇን ስታነሣ ሃያው ሁሉ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ከጀርባዬ እንኳ ራሴን አየሁት።»

ምሳቸውን አጥሩ ሥር በሉ። ከዚያ ሐረገ ወይን ተነሥታ ደልዳላ ቦታ ፈለገች። ፀሐይን ለጀርባዋ ሰጥታ ቆመች። ካሣነሽ ሮጣ ሄዳ የጥላዋ ራስ ላይ እንጨት ተከለች። ሐረገ ወይን የጫማዋን ማሰሪያ ልትፈታ አጎነበሰች።

አጥሩ ላይ ሁለት የከተማ ልጆች ተደግፈው ቆመዋል። ፀጉራቸው በቅባት ተለጥፏል።

«እያት፣ እያት!» አለ አንዱ። «ጫማው ቆረቆራት! ገና ከጧት ጀምሮ እኮ ነው ያደረገችው!»

«ተያት ታውልቀው» አለ ሌላው። «እግሯ ታፍኖ ሊሞት ነው። አገር ቤት አየር ለምዶ።»

ሐረገ ወይን ፊቷ ጋለ። ቀና አለች። ጫማው ከእግሯ ሦስት ጣት ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። ሦስት ጣት ምን ያመጣል አለች በልቧ። ልጆቹን እንዳላየች ሆና በጫማዋ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ስንት ሆነ?» አለች ካሣነሽ።

«ስድስት። ልክ ስምንት ሰዓት።»

«ጃፓን!» ብላ ካሣነሽ ሮጠች።

ለሁለተኛው ጃፓን ሰልፍ ነበር። ሰልፉ ላይ ቆዩ፤ ውስጥ ቆዩ። ድንኳን ውስጥ ፀሐይ የለም፣ ጥላም የለም። ሐረገ ወይን በግምት «ይበቃል» ስትል ካሣነሽ «ትንሽ፣ ትንሽ» አለች፤ ሐረገ ወይንም ገና ጊዜ እንዳላቸው ስላመነች እሺ አለች። ከድንኳኑ ሲወጡ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ጠበቃቸው። ሐረገ ወይን መስፈር አላስፈለጋትም። ሦስቱም ሮጡ።

መኪናው ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ውስጡ ሰው የለም። ጥቂት ቆይቶ ይርጋ ከጠጅ ቤቶቹ በኩል ላቡ እየወረደ መጣ።

«የት ገብታችሁ ነው? ያልፈለግሁበት የለም! ጠጅ ቤት ሳይቀር ገብቼ ጠየቅሁ!» የእጅ ሰዓቱን አሳያቸው። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው።

ሐረገ ወይን አፏን ከፈተች። ካሣነሽ ቀደመቻት።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እንቆይ ያልኩት።»

«አንችን ለእናትሽ ነው የምሰጥሽ። ከኋላ ውጡ፣ ውጡ!»

ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሲቀራቸው ጨለመ። ያለው አንድ መብራት የመንገዱን ግራ ብቻ ያበራል። ጠምዛዛው ላይ የቀኝ ጎማው ከመንገድ ወጣ። መኪናው አልተገለበጠም፤ ዘመም ብሎ ቆመ። ሐረገ ወይንና ስንዱ የጭነቱን ቦታ ጣውላ ይዘው ተረፉ። ካሣነሽ ግን ቆማ ነበር።

በማግስቱ ጧት አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ መጥቶ ጠየቃቸው። የስንዱ መልስ ከአፏ ቶሎ ወጣ። «እኛማ በዘጠኝ ሰዓት ከበሩ ላይ ነበርን። እሱ ነው የቀረው። በኋላ ከጠጅ ቤት መጣ።» ሃምሳ አለቃው ወደ ሐረገ ወይን ዞረ። «እንዲህ ነው?» ሐረገ ወይን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ራስ መነቅነቅ። የጠጅ ቤቱ ባለቤትም ይርጋ እቤቷ ገብቶ እንደነበር መሰከረች፤ ቀምሷል አልቀመሰም ብሎ የጠየቃት የለም።

ይርጋ ልጆቹ መዘግየታቸውን አንድ ቀን ብቻ ተናገረ። እትዬ ብርነሽ ያን ስትሰማ እስር ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዳ ጮኸችበት። «አፈር የለበሰች ልጄን ጥፋተኛ ልታደርጋት ነው?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ይርጋ አልተናገረም። ማንም ቢጠይቀው «የነዳሁት እኔ ነኝ» ብቻ ይላል።

ሐረገ ወይን ፀሐይ መሸሽ ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአጥር ጥግ፣ በባሕር ዛፍ ሥር፣ በሰው ቤት ጣሪያ ጥላ ውስጥ እየተሹለከለከች ነው። ሜዳ ላይ ስትወጣ ጥላዋ ከፊቷ ይዘረጋል፤ ሳታስበው ትቆጥራለች። አምስት። ስድስት። ከኋላዋ «ስንት ሆነ?» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ድምፁ አይቆጣም፤ እንደዚያን ቀን ቸኩሎ፣ ደስ ብሎት ነው የሚጠይቀው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ከራሷ መልክ አጠገብ ሌላ ፊት አየች። እንስራዋን ጥላ ተመለሰች። ለእናቷ አንሸራተተኝ አለች።

ጾም ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አዲስ ለመጣ ተማሪ ጥላ መስፈር ሲያስተምሩ ሐረገ ወይን ምሳቸውን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ተማሪው የጎማ ጫማ አድርጓል።

«አውልቀው» አሉት መሪጌታ።

«የኔታ፣ ያን ያህል ይለውጠዋል?»

«ቁመትህና እግርህን እግዚአብሔር አንድ ላይ ለክቶ ሰጥቶሃል። ጫማውን የለካው ባለ ሱቅ ነው። አውልቀው ብያለሁ።»

ተማሪው ሳቀ። ሐረገ ወይን ምሳውን አስቀምጣ ወደ ቤት ሄደች። ሸራ ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አላደረገችውም። ከቤታቸው ጀርባ ደልዳላው ላይ ቆመች። ጥላዋን ምልክት አደረገች። በጫማው ሰፈረች፤ ስድስት ሆነ። ጫማውን አውልቃ ያንኑ ጥላ በእግሯ ሰፈረች፤ ሰባት ተኩል ሆነ። አላመነችም። መልሳ ሰፈረች። ሰባት ተኩል።

ወደ ቤት ገብታ በወረቀት አሰላችው። በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ስድስት ብላ ስምንት ሰዓት ያለችው፣ ለካ ስምንት ተኩል ነበር። ግማሽ ሰዓት። ወረቀቱን አጥፋ እሳት ውስጥ ጨመረችው።

የአርባዋ ዕለት እትዬ ብርነሽ ከሰው መካከል ጠርታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት። ፊቷ ከስቶ አጥንቷ ወጥቷል።

«ነይ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን ወደደች?»

«ጃፓን። የመስተዋት ቤት ነው። ራሷን ሃያ ሆና አየች።»

እትዬ ብርነሽ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «ሃያ! ለእኔ አንዷም አልተረፈችልኝ።» እጇን ይዛት ቆየች። «ወንድሜን እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ። አሁን ስሙን መስማት አልፈልግም። ሃያ ዓመትም ቢፈርዱበት አልጠግብም። አንች እውነቱን መስክሪልኝ እሺ? እውነቱን ብቻ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ሐረገ ወይን።

የችሎቱ ቀን ሐረገ ወይን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስንዱ ቤት ደረሰች። የስንዱ እናት ወፍጮ ቤት ሄደዋል። ስንዱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች።

«መጣሽ? ነይ ግቢ። አንዴ እንለማመደውና እንሄዳለን። ስንት ሰዓት ከበሩ ደረሳችሁ?»

«አሥር ሰዓት ሲሆን።»

ማበጠሪያው ቆመ።

«አትቀልጅ።»

«አልቀለድኩም። ጥላዬን ስሰፍር ጫማዬን አላወለቅሁም ነበር። እነዚያ ልጆች ስለሳቁብኝ። ስምንት ሰዓት ነው ያልኳችሁ ስምንት ተኩል ነበር።»

ስንዱ አፍጥጣ አየቻት። «ይኸ ነው? ይኸን ነው ሁለት ወር ሙሉ ይዘሽ የከሳሽው? ግማሽ ሰዓት?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ግማሽ ሰዓት ሰው አይገድልም፣ አንች!»

«ሲጨልምብን ስንት ቀርቶን ነበር?»

ስንዱ ማበጠሪያውን አልጋው ላይ ወረወረች።

«ሰልፉስ? ካሣነሽስ? ትንሽ፣ ትንሽ እያለች ያቆየችን እሷ አይደለችም? መንዳቱን የነዳውስ ማነው? ደግሞ መብራቱን ማሠራት ነበረበት። ሁሉንም አንች ልትሸከሚው ነው?»

«ሁሉንም አይደለም። የኔን ነው። መብራቱን እሱ ይናገር፤ እሱ ይጠየቅበት። ጠጅ ቤት የገባው ግን እኛን ሊፈልግ ነው። ይህን የምናውቅ እኔና አንች ብቻ ነን።»

«እኔን ሐሰተኛ ልታስብይኝ ነው በቃ።» የስንዱ ድምፅ ቀጠነ። «ለማን ብዬ የተናገርኩት ይመስልሻል? ሃምሳ አለቃው ሲጠይቀኝ አንችን አየሁሽ። ልትወድቂ ነበር። ሰዓቱን የያዘችው እሷ ናት ብል ምን ያደርጉሽ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አሁንስ ምን እንደሚያደርጉሽ ታውቂያለሽ? ፈተናው ሦስት ወር ነው የቀረው። ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ አብረን ልንገባ ነበር። ዋሽታ ሰው ያሳሰረችን ልጅ ማን ይቀበላል? አባትሽስ? መሪጌታ በየት በኩል ቀና ብለው ይሄዳሉ?»

ሐረገ ወይን ይህን ሁሉ አስባው ነበር። ሌሎችም ስንዱ ያላሰበቻቸው ነገሮች ነበሩ፤ ውኃ ለመቅዳት ስትወርድ ሴቶቹ ዝም እንደሚሉ፣ ካሣነሽ በተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን በየእሑዱ እትዬ ብርነሽን እንደምታገኛት።

«ስላንች አልናገርም» አለች። «ከጠየቁኝ ራሷን ጠይቋት እላለሁ። አብረሽኝ ብትመጭ ግን ደስ ይለኛል።»

«አልመጣም። ብትሞችም አልመጣም!» ካለች በኋላ ስንዱ የተናገረችው ነገር ለራሷም ተሰማትና አፏን በእጇ ያዘች።

ሐረገ ወይን ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደግሞ ገና ሁለት ሰዓት ነው» አለች ስንዱ፤ አሁን እያለቀሰች ነው። «ችሎቱ አራት ሰዓት ነው። ወዴት ነው የምትሄጅው?»

«እትዬ ብርነሽ ቤት።»

«ለእሷ? ለእሷ ትነግሪያታለሽ?»

«ከዳኛው ፊት ከምትሰማው ይሻላል።»

«ትገድልሻለች።»

«እንጃ።»

ስንዱ አልጋው ላይ ዞራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አደረገች። ሐረገ ወይን ልትነካት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ብትነካት እዚያው እንደምትቀር ስላወቀች እጇን መለሰች። ወደ ውጭ ወጣች። የነስንዱ የቆርቆሮ በር ዝናብ አጣሞት ከመድረኩ ላይ ካላነሡት አይገጥምም። በሁለት እጇ አነሣችው፣ አስጠጋችው፣ ገጠመ።